ደጅ ከመጥናት በፊት

በ1923 የኦክላሆማ ግዛት አገረ ገዥ ጃክ ዋልተን በምርጫው ለደገፉት የገበሬና የሠራተኛ ማኅበራት ውለታ መመለስ ነበረበት። ከመለሰባቸው መንገዶች አንዱ በስቲልዋተር ከተማ የሚገኘው የግዛቱ የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ ነው። የፕሬዚዳንቱን ወንበር ለጆርጅ ዊልሰን ሰጠው። ዊልሰን በገበሬዎች ፖለቲካ ውስጥ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር፤ ሹመቱ ግን ለኮሌጁ ታስቦ የተደረገ አልነበረም። ተማሪው ተቆጣ፣ ተመራቂው ተቆጣ፣ የከተማው ነጋዴም ተቆጣ። ዊልሰን ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ተነሣ። ዋልተን ራሱም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በግዛቱ ምክር ቤት ተከሶ ከሥልጣን ወረደ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኮሌጅ ገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከለጋሾች ነው፤ ማን ስንት ሰጠ፣ ሕንፃው በማን ስም ተሰየመ ከሚለው። ለግል ኮሌጅ ይህ አጀማመር ያስኬዳል። የሕዝብ ኮሌጅ ግን መጀመሪያ የመንግሥት ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀው፣ ሹሙን የሚሾመውና የሚሽረው ፖለቲከኛ ነው። መሪው ለአንድ ባለሀብት ቃል ሲገባ ባለሀብቱ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ “አንተ ነገ እዚህ ትኖራለህ?” የሚል። በ1923 በስቲልዋተር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

መልሱን ለመገንባት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የፈጀበት ሰው ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ይባላል። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ስሙን ባያውቁትም የሥራውን ፍሬ ያውቁታል፤ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእሱ ሐሳብ የበቀለ ነውና። አንድ የሕዝብ ኮሌጅ መሪ ከማን ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠይቅና ሳይጠይቅ የሚቀረው ነገር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ከስቲልዋተር እስከ ሐረርጌ የተዘረጋውን ይህን ታሪክ መከተል ይበጃል።

ቤኔት አርካንሶ ተወልዶ በኦክላሆማ ትምህርት ቤቶች ያደገ መምህር ነው። ሁጎ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበር፤ ከ1919 ጀምሮ ደግሞ ዱራንት የሚገኘውን የመምህራን ኮሌጅ መራ። በ1926 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በ1928 ወደ ስቲልዋተር ሲመጣ 41 ዓመቱ ነበር፤ እዚያም 23 ዓመት ቆየ። አገረ ገዥ በተለወጠ ቁጥር ፕሬዚዳንት በሚለወጥበት ቦታ 23 ዓመት መቆየቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

የተረከበው ኮሌጅ በአንድ ትልቅ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረመው የሞሪል ሕግ ለእያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት እንደራሴዎች ቁጥር ልክ፣ ለእያንዳንዳቸው 30,000 ኤከር እየታሰበ የፌዴራል መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ግዛቱ መሬቱን ሸጦ በገንዘቡ የእርሻና የመካኒካል ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ ያቋቁማል። በ1887 ሌላ ሕግ በእነዚህ ኮሌጆች ሥር የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች እንዲከፈቱ ገንዘብ መደበ። በ1914 ደግሞ የስሚዝ-ሌቨር ሕግ ሦስተኛውን እግር ጨመረ። ኮሌጁ ያገኘውን እውቀት ገበሬው ደጅ ድረስ የሚያደርስ የኤክስቴንሽን ባለሙያ በየአውራጃው እንዲመደብ አደረገ።

ይህ ሦስተኛው እግር የእርሻ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ የፖለቲካ ሥራም ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። የባለሙያውን ደመወዝና ወጪ የፌዴራል መንግሥት፣ ግዛቱና አውራጃው ይጋሩታል። የአውራጃው አስተዳዳሪ ከአውራጃው በጀት ስለሚያዋጣ ሥራውን ይከታተላል፤ ሥራው ደካማ ከሆነ ይጮኻል፣ መልካም ከሆነ ይመሰክራል። ኦክላሆማ 77 አውራጃዎች አሏት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በጀት ሊጠይቅ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው ምክር ቤት ሲገባ በእያንዳንዱ እንደራሴ አውራጃ ውስጥ መራጩ በስሙ የሚያውቀው፣ ላሙ ስትታመምና ጥጡ በተባይ ሲመታ የሚጠራው የኮሌጁ ሰው አለ። ፕሬዚዳንቱ አፉን ከመክፈቱ በፊት መራጩ ለእንደራሴው ነግሮታል። ደጅ ጥናት ከሚባለው ነገር ግማሹ ሥራ እዚያው ገጠር ውስጥ አልቋል።

ቤኔት ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። ሆኖም ከመጣ ብዙም ሳይቆይ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ደረሰ፤ ቀጥሎም ድርቅና የአቧራ ማዕበል ኦክላሆማን መታት። ግዛቱ ለኮሌጅ የሚሰጠው ገንዘብ አነሰ። በዚህን ጊዜ ብዙ መሪ የሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ቤኔት ግን ከሥነ ሕንፃ ክፍሉ ኃላፊ ከፊሊፕ ዊልበር ጋር ተቀምጦ የግቢውን የ25 ዓመት ፕላን አወጣ። ቀይ ጡብ የለበሱ የጆርጂያን ዘይቤ ሕንፃዎች፣ ረጅም አረንጓዴ ሜዳ፣ በሜዳው ጫፍ ላይ ደግሞ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት። ገንዘብ በሌለበት ዘመን ፕላን ማውጣት ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን ፕላን ያለው ሰው ገንዘቡ ድንገት ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። የሩዝቬልት መንግሥት ለሕዝብ ሥራዎች ገንዘብ ማከፋፈል ሲጀምር ሥዕሉ የተዘጋጀለትና ቦታው የተለየለት ኮሌጅ ቀደመ።

ሌላው መንገዱ ግዛቱን ጨርሶ የማይጠይቅ ነበር። የተማሪ መኖሪያ ሕንፃ ተማሪው ኪራይ የሚከፍልበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ቦንድ ተሸጦ ይሠራና ዕዳው በኪራዩ ይከፈላል። ምክር ቤቱ ከግብር ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ግቢው ያድጋል። በ1950 የተከፈተው ትልቁ የተማሪዎች ማእከል፣ ሆቴሉና ሱቆቹ ጭምር፣ የተገነባው በዚሁ መንገድ ነው። አካሄዱ ጥበብ አለበት፤ ገቢ የሚያመጣውን ነገር ገቢው እንዲገነባው ትቶ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ገቢ ለማያመጣው ነገር ማለትም ለላቦራቶሪ፣ ለመጻሕፍትና ለመምህሩ ደመወዝ መጠየቅ ነው። በአገራችንም ሆነ በሌላ አገር ለሁሉም ነገር አንድ ደጅ የሚያንኳኩ መሪዎች አሉ። ያ ደጅ በተዘጋ ቀን ሁሉ ነገር አብሮ ይቆማል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ቤኔት ዋሽንግተን ሄደ። በዚያን ጊዜ ወጣት ወንዶች ለጦርነት ስለሚዘምቱ የኮሌጆች ክፍሎች ባዶ ይሆኑ ነበር። የቤኔት ጥያቄ “ተማሪ አጥተናልና እርዱን” የሚል አልነበረም። መኝታ፣ መመገቢያ፣ መምህር አለን፤ እናንተ ማሠልጠን አለባችሁ፤ እኛ ዘንድ አምጧቸው አለ። ከ1942 ጀምሮ የባሕር ኃይሉ የሴት ወታደሮች የጽሕፈት ሥራ ማሠልጠኛ ስቲልዋተር ላይ ተከፈተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችም በዚያ አለፉ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1944ቱ ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ ስለተፈቀደ ኮሌጁ በተማሪ ተጥለቀለቀ። ቤኔት ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ የሰፈር ቤቶችን ተቀብሎ ለባለትዳር ተማሪዎች መንደር ሠራ። ኦክሙልጊ ከተማ ውስጥ ሥራ ያቆመ የጦር ሆስፒታል ነበር፤ እሱንም ወስዶ በኦክቶበር 1946 የቴክኒክ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አደረገው። ያ ትምህርት ቤት ዛሬም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ይሠራል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጠባይ ይታያል። ቤኔት የኮሌጁን ችግር ለባለሥልጣን አይዘረዝርም ነበር። የባለሥልጣኑን ችግር አጥንቶ ይሄዳል፣ ከዚያም ኮሌጁ መፍትሔ መሆኑን ያሳያል። በ1937 የእሳት አደጋ መከላከል ትምህርት መሰጠት የተጀመረውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ከተሞች የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ፣ ኮሌጁ ያሠለጥናል፣ ከተሞቹም በፈንታቸው ስለ ኮሌጁ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማለትም የወንበሩ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። ኮሌጁ በሕግ ሲታይ አሁንም ለአገረ ገዥዎች ፈቃድ የተጋለጠ ነው። መልሱ በሁለት ደረጃ መጣ። በ1941 የኦክላሆማ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ ለግዛቱ ከፍተኛ ትምህርት አንድ አስተባባሪ ቦርድ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አቋቋመ። በ1944 ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ጸድቆ ለእርሻና መካኒካል ኮሌጆች ራሱን የቻለ የሥራ አመራር ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ 9 አባላት ያሉት ነው፤ 8ቱን አገረ ገዥው በሴኔቱ ስምምነት ይሾማል፤ አብዛኞቹም ገበሬዎች መሆን አለባቸው። ዘጠነኛው የግዛቱ የእርሻ ቦርድ ሰብሳቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አገረ ገዥ ተቆጥቶ ፕሬዚዳንት ማባረር አይችልም፤ ሕገ መንግሥት መለወጥ ይጠበቅበታል።

ይህን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ደጋግሞ ማንበብ ያሻል፤ ምክንያቱም ከሁሉም ሕንፃዎች ይልቅ የቤኔት ዘመን ትልቁ ውርስ እሱ ነው። ቦንድ የሚገዛ ባንክ የሚገዛው ተቋሙ እንደሚቀጥል ሲያምን ነው። ለዓመታት የሚዘልቅ ውል የሚፈርም ወገን የሚፈርመው ቃል የገባው ሰው ወይም ተተኪው በቦታው እንደሚገኝ ሲያምን ነው። የመሪው የመጀመሪያ የገንዘብ ሥራ ስለ ገንዘብ ያልተጻፈ ሕግ ማስወጣት ሆነ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ሳይነካ መታለፍ የለበትም።

ያ የ1944 ቦርድ የሚያስተዳድረው ስቲልዋተርን ብቻ አይደለም። በ1897 የተመሠረተውን የጥቁሮች ኮሌጅ፣ ላንግስተንንም ያስተዳድራል። በ1890 የወጣው ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ጥቁሮችን በኮሌጃቸው የማይቀበሉ ግዛቶች ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ እንዲያቆሙና ገንዘቡን በፍትሕ እንዲያካፍሉ ያዝዝ ነበር። ክፍፍሉ ግን ፍትሐዊ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ግዛቶች አገረ ገዥዎች ደብዳቤ ጻፉ። በ30 ዓመት ገደማ ውስጥ ግዛቶቹ ለጥቁሮች ኮሌጆች መስጠት የነበረባቸውን ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳልሰጡ በቁጥር አሳዩ። የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀርቶበታል። የላንግስተን ደግሞ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ የአያቶች ዘመን ሒሳብ አይደለም፤ ከ1987 ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

በቤኔት ዘመን ስቲልዋተር ራሱ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክላሆማ የሕግ ትምህርት ጉዳይ በግዛቱ ላይ ከወሰነ በኋላ በሩ በጥቂቱ ተከፈተ። በ1949 የገባችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ የላንግስተን ተመራቂ መምህርት ነበረች። መጀመሪያ ከክፍሉ ውጭ ሆና እንድትማር ተደረገ። በ1952 የማስተርስ ዲግሪዋን ያዘች፤ ዛሬ በዚያው ግቢ በስሟ የተሰየመ ሕንፃ አለ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ለማንኛውም የሕዝብ ኮሌጅ መሪ ከባድ ነው። ቤኔት በምክር ቤቱ ፊት “ሕዝቡ” ሲል የትኛውን ሕዝብ ማለቱ ነበር? ለራሱ በር ብቻ የሚከራከር መሪ በጀቱን ሊያበዛ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ቦርድ ሥር ያለ ደካማ ወንድም ኮሌጅ ሲራብ ዝም ካለ፣ “የሕዝብ” የሚለው ቃል የሚሰጠውን ሥልጣን በከንቱ ወስዷል። ላንግስተን የጠየቀው ምጽዋት አልነበረም፤ ሕጉ የሰጠውን ድርሻ ነው። እንዲህ ያለው ድርሻ ከለጋሽ ስጦታ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ለሁለት ትውልድ የቀረ መሠረታዊ በጀትን የሚተካ ስጦታ የለምና።

ወደ ሐረርጌ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ቤኔት ከኦክላሆማ ውጭ ከሠራው ሥራ ነው። ቤኔት በ1945 ኩቤክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሲመሠረት ከአሜሪካ ልዑካን አንዱ ነበር። በጃንዋሪ 1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን በበዓለ ሲመት ንግግራቸው አራተኛ ነጥብ ላይ ለድሃ አገሮች የቴክኒክ እርዳታ እንደሚሰጥ አወጁ። በኢትዮጵያም “ፖይንት ፎር” እየተባለ የተጠራው ፕሮግራም ይህ ነው። ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ትሩማን የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ አድርገው ሾሙት። አሁን ደጅ የሚጠናው እሱ ራሱ ሆነ። ግን ከዓመት ብዙም አላለፈም። በዲሴምበር 1951 እሱና ሚስቱ ቬራ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አጠገብ ተከስክሶ ሁለቱም ሞቱ።

መሪው ሞተ፤ ሐሳቡ ግን ተቋም ስለነበረው አልሞተም። በ1952 የኦክላሆማው ኮሌጅ ኢትዮጵያ ውስጥ የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ውል ፈረመ። ሥራው ጂማ ላይ በእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በዚያው ጊዜ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከአለማያ ሐይቅ አጠገብ ግቢው ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ድረስ ሄደው በክብር ተስተናገዱ። በ1956 ኮሌጁ ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በጃንዋሪ 1958 ንጉሠ ነገሥቱ መረቁት። ወጪውን የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት ተጋሩት። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ድረስ ቆዩ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ስቲልዋተር ሄደው ተምረው ተመልሰው ወንበሩን ተረከቡ።

ወደ አለማያ የመጣው ኮሌጅ ሦስቱንም እግሮች ይዞ ነበር የመጣው፤ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን። የአገሪቱን የኤክስቴንሽን ሥራ መጀመሪያ ያካሄደው ኮሌጁ ነው። በ1963 ግን ይህ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ አገራዊ ምርምሩን የሚመራ ሌላ አካል ሆነ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ አንድ ኮሌጅ የአገሩን ገበሬ ሁሉ ይድረስ ማለት ከአቅም በላይ ነው። ሆኖም በገንዘብና በድምፅ ዓይን ሲታይ የጠፋው ነገር ትልቅ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሳው ላይ የሚያየው ሰው ከዚያ ወዲህ የሚኒስቴሩ ሰው ሆነ። ኮሌጁ የምሩቃን መፍለቂያ ሆኖ ቀጠለ፤ በጀቱ ሲቀነስ ግን የሚጮኽለት ገበሬ አልነበረውም።

ኦክላሆማ ውስጥ ያለው፣ አውራጃው ወጪ የሚጋራበት አሠራርም ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። የአውራጃው አስተዳዳሪ ስላላዋጣ አልተቆጣጠረም፤ ስላልተቆጣጠረም አልመሰከረም። ይህ ዛሬም ብዙም አልተለወጠም። ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው በጀታቸው የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝበት ወረዳና ዞን ከዩኒቨርሲቲው ሥራና ገበያ ያገኛል፤ በበጀቱ ውይይት ላይ ግን መቀመጫ የለውም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ገንዘብ ሚኒስቴር ሲገባ ብቻውን ይገባል።

የስቲልዋተር ኮሌጅ በ1957 ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1961 ደግሞ ስጦታ የሚቀበል፣ ሒሳቡ ከግዛቱ ካዝና የተለየ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ለጋሹ የሰጠው ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ጋር እንዳይቀላቀል፣ በጀት የሚያጸድቀውም ሰው “ስጦታ ስላላችሁ እንቀንስ” እንዳይል ይህ ልዩነት ያስፈልጋል። ከዚያ ግቢ በ1951 በጂኦሎጂ የተመረቀው ቡን ፒክንስ በዘይት ከበለጸገ በኋላ በ2005 መጨረሻ 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ በዘመኑ ትልቁ ነበር። ገንዘቡ ፒክንስ ራሱ በሚመራው የኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ገባ፤ የ2008ቱ የገበያ ቀውስ ሲመጣም ብዙው ሟሟ። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም አሁንም በስሙ ይጠራል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ስጦታ ነው። ፒክንስ በ2008 ለመምህራን ወንበሮች 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ኦክላሆማ ለእንዲህ ያለ ስጦታ ግዛቱ ተመጣጣኝ ገንዘብ የሚጨምርበት ሕግ ነበራት። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ባለሀብቱ ገንዘቡ በግዛቱ መዋጮ እንደሚበዛ ሲያይ በደስታ ይሰጣል። ነገር ግን ለጋሾች በዙ፤ ምክር ቤቱ ቃል የገባውን ተመጣጣኝ ገንዘብ በጊዜው መክፈል አልቻለም፤ የሚጠብቁት ወንበሮች ወረፋ ረዘመ። ለለጋሽ የተገባ ቃል የተንጠለጠለው በምክር ቤት ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ በሕዝብ ኮሌጅ ውስጥ ስጦታ የሚያሰባስበው ክፍልና ከምክር ቤቱ ጋር የሚነጋገረው ክፍል የተለያዩ ሕንፃዎች ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ መሥራት የለባቸውም።

ይህ ሁሉ አሁን ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መሪዎች የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2023 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ፤ ሌሎችም እንዲከተሉ መንገዱ በሕግ ተከፍቷል። ራስ ገዝነት ማለት ቦርዱ ሹመትን፣ ገቢንና ወጪን በሚመለከት ሰፊ ሥልጣን ያገኛል ማለት ነው፤ ከመንግሥት የሚመጣው ገንዘብም ከቀድሞው በተለየ መንገድ ይመጣል ማለት ነው። አደጋው ግልጽ ነው። ራስ ገዝ የተባለ ተቋም የመጀመሪያ ሥራው ክፍያ መጨመር ከሆነ የድሃው ልጅ ከበሩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሕዝብ መሆኑ በስም ብቻ ይቀራል። ቤኔት በውድቀቱ ዘመን ሳይቀር ገቢ የሚያመጣውን ከማያመጣው ለይቶ ነበር።

ሐረማያ ዛሬ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ኤክስቴንሽኑ ቢወሰድበትም ሰው ደጅ የሚደርስባቸው ሌሎች በሮች አሉት። ሐረር ከተማ ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚታከመው እዚያ ነው። ለበጀት የሚከራከር ፕሬዚዳንት ከተማሪው ቁጥር ጋር የታካሚውንም ቁጥር ይዞ ቢገባ፣ የዞኑ አስተዳዳሪና የሕዝብ ተወካዩም በሆስፒታሉና በማሳያ ማሳዎቹ ጉዳይ አስቀድመው ተጠይቀው፣ ጥቂትም ቢሆን አዋጥተው አብረውት ቢቆሙ፣ የሚሰማው ድምፅ የአንድ ተሿሚ ብቻ አይሆንም።

ውጭ አገር ያሉት ተመራቂዎች ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ በወረቀት ሥራ የሚወሰን ነው። በአሜሪካ የሚኖር ተመራቂ ለትምህርት ቤቱ 500 ዶላር ቢሰጥ ከግብር የሚቀነስለት ስጦታውን የተቀበለው ድርጅት በዚያው አገር በበጎ አድራጎትነት ከተመዘገበ ብቻ ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐረር የባንክ ሒሳብ ከተላከ ያ ጥቅም የለውም፤ የት እንደዋለ የሚያሳይ የተመረመረ ሪፖርትም ካልደረሰው በሚቀጥለው ዓመት አይልክም። ስለዚህ የመሪው ሥራ ንግግር ይዞ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ከመሄዱ በፊት ይጀምራል። ድርጅቱን ማስመዝገብ፣ ከመንግሥት ካዝና የተለየ ሒሳብ መክፈት፣ ከተመራቂዎቹ ራሳቸው ቦርድ ማቋቋም፣ የውጭ ኦዲተር መቅጠር ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ለአንድ የተወሰነ ነገር፣ ለምሳሌ ለአንድ ላቦራቶሪ ወይም ለአሥር ሴት ተማሪዎች የመኖሪያ ወጪ፣ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ትንሽ ይሆናል፤ ሪፖርቱ በጊዜው ከደረሰ ሁለተኛው ዓመት ይለያል።